ሲጓዝ የሚጠብ፣ ሲቆም የሚሰፋ ቤት፦ የሸክሙ ትምህርት

መንገድ ለቤት ልክ ያወጣል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚጎተት ተሳቢ በአብዛኛው ስፋቱ ከ8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ60 ሳንቲም ግድም እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ከፍታውም በብዙ ስቴቶች በ13 ጫማ ከ6 ኢንች ይገደባል፤ በዚያ አገር ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህችን ቁጥር በየድልድዩ ሥር ያስቧታል። በዚህ ልክ ውስጥ አልጋ፣ ማዕድ ቤትና መተላለፊያ አስገብቶ ቤተሰብ ማኖር ከባድ ነው። ለችግሩ ሁለት መንገድ ተገኘ። አንደኛው ፈቃድ እያወጡ ሰፊውን ቤት መጎተት ነው፤ በዊስኮንሲን ስቴት የማርሽፊልድ ሆምሱ ኤልመር ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1954 ባለ 10 ጫማ ስፋቱን ቤት ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ቤቱን ለጉዞ አጥብቦ፣ ማረፊያው ሲደርስ ማስፋት ነው። ትምህርታችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የማስፋቱም ዘዴ በዋናነት ሁለት ነው። በመታጠፍ የሚሰፋው ቤት ወለሉ በማጠፊያ ተይዞ በጉዞ ጊዜ ጎኑ ላይ ይቆማል፤ ሲደርስ ይወርዳል፣ ጣሪያው ይነሣል፣ ግድግዳዎቹ ይዘረጋሉ። ቀላልና ብዙ ቦታ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን መጋጠሚያው ብዙ ስለሆነ ነፋስና ውሃ ይፈትኑታል። በመንሸራተት የሚሰፋው ደግሞ ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሙሉ ክፍል ከትልቁ ቤት ሆድ በሐዲድ ላይ እየተገፋ ይወጣል። የኢንዲያናው ኒውማር ኩባንያ ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 በሞተር በሚነዱ ቤቶች ላይ ካስገባ ወዲህ ገበያውን የያዘው ተንሸራታቹ ነው። ስለዚህ በእርሱ ላይ እንቆይ።

የትምህርቱ መሠረት ይህ ነው፦ የሚሰፋ ቤት ሁለት ጊዜ ይነደፋል፤ አንድ ጊዜ እንደ ተሽከርካሪ፣ አንድ ጊዜ እንደ መኖሪያ። ሁለቱ ንድፎች የሚጣሉት በግድግዳው ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ዘንድ ነው። ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው በሚንቀሳቀሰው ክፍል፣ ክፍሉን በሚገፋው ሞተርና በማርሹ ጥርስ ላይ ነው። እኔ ከቀዳዳው እጀምራለሁ።

ቀዳዳ የሌለበት ተሳቢ ቤት ሸክሙን እንዴት ይሸከማል ቢሉ፣ ወለሉ፣ ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎችና ጣሪያው ተያይዘው እንደ አንድ ሣጥን ይሠራሉ። ከውጭ በላሜራ፣ ከውስጥ በኮምፔንሳቶ የተሸፈነ ግድግዳ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ቢም ነው ማለት ይቻላል። ከሥር ያለው የሻንሲ ብረት ግን ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ ቢም ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ያድጋልና፣ ሻንሲው የግድግዳውን እርዳታ ካገኘ ቀጭን ሆኖም ይችላል።

አሁን ከዚህ ግድግዳ 3 ሜትር ከ60 ርዝመትና 1 ሜትር ከ80 ቁመት ያለው ቁራጭ አውጡ። የሚቀረው ከላይ ጠባብ ጥብጣብ፣ ከታች ደግሞ ከወለሉ ጋር የተያያዘ ጠርዝ ነው። ግድግዳው በዚያ ቦታ ቢም መሆኑ አበቃ፤ ሻንሲው ብቻውን ቀረ፤ ስለዚህ በዚያ ርዝመት መጠንከር አለበት። የጣሪያው ወራጆች ያርፉባቸው የነበሩት ቋሚዎችም የሉም። ከቀዳዳው በላይ አግዳሚ ቢም ገብቶ የጣሪያውን ሸክም ወደ ሁለቱ ዳር ቋሚዎች ማድረስ ይኖርበታል። እነዚያ ቋሚዎች ተደራርበው፣ በቀጥታ ከሻንሲው በተበየደ ድጋፍ ላይ ይቁሙ፤ በወለሉ ጣውላ ላይ ብቻ ቢቆሙ ወለሉን እየወጉ ይሰምጣሉ።

ሌላም አለ። ጎኑ የተከፈተ ሣጥን ለጥምዘዛ ይለሰልሳል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቤቱ ይጣመማል፣ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ሰያፍ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ክፍሉ አልወጣም ወይም አልገባም ይላል። ባለቤቱ ሞተሩን ይወቅሳል፤ ሞተሩ ይቀየራል፤ ክፍሉ አሁንም አይወጣም። ጥፋቱ የማዕዘኑ ነበር። በቀዳዳው አራት ማዕዘናት ላይ ኃይል ይጠራቀማልና ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማዕዘኑን በሹል ከመቁረጥ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ በብረት ሳህንም ማጠንከር ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ የሆነ ሥራ ነው። ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ የሚዘለል ሥራ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ወደሚወጣው ክፍል እንለፍ። መሳቢያ ከኮመዲኖው ብዙ ሲሳብ አፍንጫው እንደሚደፋ፣ የወጣ ክፍልም ወደ ታች መድፋት ይፈልጋል። ይህን በቁጥር እንየው፤ ቁጥር ካልገባበት ነገሩ ከሩቅ ይቀራል። ክፍሉ 3.60 ሜትር ርዝመት ኖሮት 90 ሳንቲም ይወጣል እንበል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 15 ቀን 1976 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በሻንሲ ላይ ለሚመረቱ መኖሪያ ቤቶች ወለል በስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ የኑሮ ጭነት ይጠይቃል፤ በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ግድም ነው። ለመዝናኛ ጉዞ የሚሠሩት ቤቶች በሌላ መለኪያ ቢገዙም ለትምህርታችን ይህን እንያዝ። የወጣው ወለል 3.24 ካሬ ሜትር ስለሆነ የሰውና የዕቃ ጭነቱ 632 ኪሎ ይሆናል። የክፍሉ የራሱ ክብደት ደግሞ ወለሉ፣ ጣሪያውና ተገጣሚው ዕቃ 300 ኪሎ፣ የውጪው ግድግዳ 150 ኪሎ ይሁን። ድምሩ 1,082 ኪሎ ነው።

ጭነትን ከመደገፊያው ባለው ርቀት ስናበዛ መሐንዲሶች ሞመንት የሚሉትን የማጉበጥ ኃይል እናገኛለን። የኑሮው ጭነት መካከሉ ከመደገፊያው 45 ሳንቲም ይርቃልና 632 በ0.45 ሲባዛ 284 ይሆናል። 300ው ኪሎም እንዲሁ 135 ይሰጣል። የውጪው ግድግዳ 150 ኪሎ ብቻ ሆኖ ሳለ ዳር ላይ ስለቆመ እርሱም 135 ይሰጣል፤ የ300 ኪሎውን ያህል ማለት ነው። ከባድ መስኮትና ቁም ሣጥን በውጪው ግድግዳ ላይ መስቀል ለምን እንደማይመከር ከዚህ ይታያል። ድምሩ 554 ነው፤ ለሁለት ሐዲድ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 277 ይደርሰዋል።

ይህን የሚመልሰው ማነው ቢሉ፣ በሻንሲው ውስጥ የቀረው የሐዲዱ ጭራ ነው። ጭራው ከውጪው ሮለር፣ ማለትም ከመደገፊያው፣ እስከ ውስጠኛው መያዣ 60 ሳንቲም ቢሆን፣ 277 ለ0.60 ሲካፈል 462 ኪሎ ይወጣል፤ ጭራው በዚህ ኃይል ወደ ላይ ሊነሣ ይታገላል። የውጪው ሮለርም የክብደት ድርሻውን 541 ኪሎ እና እነዚህን 462 በአንድ ላይ፣ 1,003 ኪሎ ይሸከማል። ጭራውን 1.20 ብናደርገው ግን የሚያነሣው ኃይል ወደ 231፣ የሮለሩም ሸክም ወደ 772 ይወርዳል። ከክፍሉ ላይ ምንም ሳንቀንስ፣ በጭራ ርዝመት ብቻ። የሁሉ ማሰሪያ ይህ ስለሆነ ደጋግማችሁ አስሉት። እነዚህ ቁጥሮች ባዶ ስሌት ናቸው፤ የደኅንነት ትርፍ በላያቸው ይጨመራል።

ክፍሉ 90 ሳንቲም መውጣቱ ቀርቶ 1.80 ይውጣ ብንልስ? ወለሉ እጥፍ ይሆናል፣ የጭነቱም መካከል በእጥፍ ይርቃል፤ የኑሮው ጭነት ሞመንት አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ተንሸራታች ክፍሎች በአንድ ሜትር ግድም የሚቆሙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው፣ ፊት ለፊት የሚወጡ ሁለት ክፍሎች በጉዞ ጊዜ ውስጥ ለውስጥ ስለሚገናኙ የቤቱ ስፋት ራሱ ይወስናቸዋል።

እንግዲያ ዳሩን ከሥር በክሪክ ብንደግፈውስ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱ ግን በንድፉ ይወሰናል። ክፍሉ ከመጀመሪያው መሬት እንዲደገፍ ታስቦ ከተሠራ ድጋፉ ግዴታ ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆም ከተነደፈ ግን ድጋፉ ሊጎዳው ይችላል። ለምን ቢሉ፣ ዋናው ቤት በጎማና በባሌስትራ ላይ ነው ያለው፤ ሰው ሲገባና ውሃ ሲሞላ ዝቅ ይላል፣ መሬት ላይ የቆመው ክሪክ ግን ዝቅ አይልም። ያን ጊዜ ክሪኩ ክፍሉን ወደ ላይ ይገፋና ሐዲዱን ካልታሰበበት አቅጣጫ ያጎብጠዋል። ነዳፊው አንዱን መርጦ በጽሑፍ ያስፍር። ሁለቱን ማቀላቀል አይቻልም። በየትኛውም መንገድ ዋናው ቤት አስቀድሞ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይቁም፤ ክፍሉ ከዚያ በኋላ ይውጣ።

በጉዞ ጊዜ ሕጉ ሌላ ነው። ክፍሎቹ ገብተው በመቆለፊያ ይያዛሉ፤ በማርሹ ጥርስ ብቻ የተያዘ ክፍል በየመታጠፊያው እየገፋ ጥርሱን ይበላዋል። በተራ መጎተቻ የሚሄድ ቤት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ምላስ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ካነሰ ቤቱ በጎዳና ላይ ጭራውን ያወዛውዛል፣ ሰውም ይገድላል። ማቀዝቀዣና ምድጃ የያዘ ክፍል በአንድ ጎን ብቻ ካለ ሚዛኑ ግራና ቀኝ ስለሚዛባ፣ የውሃ ጋኑንና ባትሪውን በሌላው ጎን ማስቀመጥ ይገባል። እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ይመዘን።

ስለ ውሃ በአጭሩ፦ ላስቲኩ ክፍሉ ሲወጣም ሲገባም መዝጋት አለበት፤ የክፍሉም ጣሪያ ወደ ውጭ ያዘንብል። ወደ ውስጥ የገባ ውሃ የወለሉን ጣውላ ያበሰብሳል፣ በአንዳንድ ንድፎችም ሮለሩ የሚጫነው ያንኑ ጣውላ ነው።

ቀደም ብለን ያነሣነው የፌዴራል ደንብ የቤቱን የወለል ስፋት በካሬ የሚለካው የሚወጡት ክፍሎች ሁሉ ወጥተው ነው። በሰሜኑ ቀጣና ለጣሪያ የሚጠየቀው በስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድም የክፍሉን ትንሽ ጣሪያ ይመለከታል፤ በረዶ ትንሹን ከትልቁ አይለይም።

እንዲህ ያለ ቤት ልትገዙ ብትሄዱ የሶፋውን ልስላሴ ከማየታችሁ በፊት ክፍሉን አስወጡ። ከሥር ተንበርክካችሁ በሻንሲው ውስጥ የቀረውን የሐዲድ ጭራ በሜትር ለኩ። የቀዳዳውን አራት ማዕዘናት በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያም ሁለት ሰው በወጣው ወለል ዳር ይቁምና በላስቲኩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ተመልከቱ። ሻጩ ክፍሉ ስንት ኪሎ እንዲሸከም እንደተነደፈ በጽሑፍ ማሳየት ካልቻለ አትግዙ።