ሰንጢና ምሳር
ለገጠር ጉዞ የሚረዳ አጭር ትምህርት

በዕረፍት ጊዜ በድንኳን ለማደርም ሆነ ለጥናት ወደ ገጠር የምንወጣ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ስለ ስንቅና ስለ ብርድ ልብስ ነው፤ ስለ መሣሪያ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በአንድ እጀታ ብዙ መሣሪያ የያዘው ሰንጢ ምን እንደሚጠቅምና ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን አገር ምሳሌ አድርገን ባጭሩ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንይ። በ1890 እ.ኤ.አ. የስዊስ ጦር ሠራዊት ለወታደሮቹ የሚታደል ሰንጢ መረጠ። ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበትና የታሸገ ምግብ የሚከፍትበት መሣሪያ ያስፈልገው ስለ ነበር፣ ሰንጢው አንድ ስለት፣ አንድ ወስፌ፣ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻና አንድ ካቻቢቴ ነበረው። ካርል ኤልስነር የተባለው የኢባክ ካራ ሠሪ ደግሞ በ1897 እ.ኤ.አ. ቀለል ያለና ተጨማሪ ስለት ያለው ሰንጢ አስመዘገበ። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ፒንሳን ዋና ክፍሉ ያደረገ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ።

ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በባዶ እግሩ ይሄድ የነበረው ያገራችን ባላገር እሾህ የሚያወጣበትን ወረንጦ ይዞ ይጓዝ ነበር። የጐጃም ገበሬም በአንድ ምሳር ዛፍ ይቆርጣል፣ ማገዶ ይፈልጣል፣ የሞፈሩንና የድግሩን እንጨት ይጠርባል። የስዊሱ ሰንጢ ብዙ ስለት በአንድ እጀታ ሲይዝ፣ የገበሬው ምሳር ደግሞ በአንድ ስለት ብዙ ሥራ ይሠራል። ብልሃቱ በእጁ ነው።

ከዋናው መንገድ ወጥተን በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ መካከል ባለው የበቆሎና የበርበሬ አገር ስንጓዝ ሰንጢው ለትንንሽ ሥራ ይበቃናል። የድንኳን ገመድ ይቆርጣል፤ በወረንጦው እሾህ ይነቀላል፤ በወስፌው የተበጠሰ የሻንጣ ማንገቻ ይበሳል፤ በፒንሳው የጋለ ድስት ከእሳት ይነሣል። ትንሹ መጋዝም የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ጭራሮ ይቆርጣል። ማገዶ ለመፍለጥ፣ ድንጋይ ለመፈንቀልና ጉድጓድ ለመቆፈር ግን ሰንጢ አልተሠራም፤ ይህ የምሳርና የዶማ ሥራ ነው።

እንጨቱንም መለየት ያስፈልጋል። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ለሰንጢ ይታዘዛል። ወይራ ግን ጠንካራ ነው፤ ስለቱን ያዶለዱማል። የድንኳን ችካል ለመሥራት ከስንዝር የሚበልጥ ቀጥ ያለ እንጨት መርጠን አንዱን ጫፍ እናሾላለን፤ ከሌላው ጫፍ ዝቅ ብለን ገመድ የሚይዝ ጐድጓዳ ምልክት እንቈርጣለን። በክረምት መሬቱ ስለሚርስ ችካሉ ረዘም ይበል።

ሲቆርጡ ስለቱ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሂድ። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ በጫፉ ሲወጉበት ተመልሶ ጣት ላይ ሊታጠፍ ስለሚችል በእርሱ መውጋት አይገባም። ስንሄድም ሆነ ለጓደኛ ስናቀብል እንጠፈው። እጅ ቢቆረጥ ንጹሕ ጨርቅ በላዩ አጥብቆ መጫንና እጁን ከፍ ማድረግ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከሥራ በኋላ ሰንጢውን አጥበን፣ አድርቀን፣ በማጠፊያው ጠብታ ዘይት እናድርግ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ስለታም መሣሪያ መያዝ ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ አይሆንም። በየማሳው ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ ለባለቤቱ ቤት መሥሪያውና ገንዘቡ ነው። በየደብሩ ዙሪያ ያለው ዛፍም ከጥንቱ ደን የተረፈ ቅርስ ነው። ስለዚህ የወደቀ ጭራሮ እንልቀም፤ ሌላ ቢያስፈልገን ባለቤቱን እንጠይቅ፣ ዋጋውንም እንክፈል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። ስዊሶች የካራ ሠሪያቸውን ሥራ ያገራቸው መታወቂያ አደረጉት። እኛ ግን ምሳሩንና ወረንጦውን የሠራልንን ቀጥቃጭ ቡዳ እያልን ስንንቅ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እንግዲህ ወደ ገጠር የምንወጣ ተማሪዎች የውጭውን ሰንጢ በኪሳችን ብንይዝ መልካም ነው። ምሳሩን ግን ከአገሩ ቀጥቃጭ እንግዛ፤ ብረቱን እንዴት እንደሚያግልና እንደሚስልም አጠገቡ ቁጭ ብለን እንማር።