የደስታ በሽታና ክፉ ቀን፦ ስነ ሕይወታዊ አደጋን መረዳትና መዘጋጀት

ስነ ሕይወታዊ አደጋ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሰው ወረርሽኝ ነው። ክፍል ውስጥ ውይይት ሲነሳም ኮሌራ፣ ኢቦላ፣ ኮቪድ እየተባለ ይቆጠራል። ትርጉሙ ግን ከዚህ ይሰፋል። የእንስሳት ወረርሽኝ፣ የሰብል በሽታ፣ የአንበጣና የተምች መንጋ ሁሉ እዚሁ ውስጥ ይመደባሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሳው ሰውን ጨርሶ የማይዝ፣ ሆኖም በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው ያለቀበትን አንድ በሽታ ነው። በአማርኛ ደስታ ይባላል፤ በትግርኛ ጉልሃይ። (ለእንዲህ ያለ መቅሰፍት ደስታ የሚል ስም የወጣለት የራሱን ስም ላለመጥራት ተፈርቶ ይመስለኛል።)

በሽታውን የሚያመጣው ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ ነው። የተያዘው ከብት ትኩሳት ይይዘዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ እንባና ንፍጥ ይወርደዋል፣ ከዚያም ከባድ ተቅማጥ ይከተላል። በሽታው ቀድሞ ባልነበረበት አገር ሲገባ አብዛኛው ከብት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የሆነውም ይኸው ነው። ለጣሊያን ጦር ተብለው በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች አማካይነት በሽታው ወደ መሀል አገር እንደዘለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ከአገሩ ከብት 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረሀብ ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚል ግምትም በሰፊው ይጠቀሳል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን የማይዝ በሽታ እንዴት ሰው ጨረሰ? መልሱ በሬው ነው። ደጋው የሚታረሰው በበሬ ነበር። በሬ ሲያልቅ ማሳው ጦሙን አደረ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ደግሞ ተጨመሩበት። ከብቱን ብቻ ተስፋ አድርጎ የሚኖረው አርብቶ አደር ወተቱንም ስጋውንም ባንድ ጊዜ አጣ። በረሀብ በተዳከመው ሰው ላይ ፈንጣጣና ኮሌራ ተከተሉ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ፣ ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን እንዲያርስ አርአያ ለመሆን መሞከራቸው ይነገራል። በኔ አስተያየት ይህ ከዝግጅት ትምህርት አንጻር ትልቅ ነገር ነው፤ ንጉሡ የያዙት የበሽታውን መድኃኒት ሳይሆን የበሬውን ምትክ ነውና።

በትምህርታችን አደጋ አምጪው ነገርና ተጋላጭነት የተለያዩ ናቸው ሲባል አንዳንዴ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። በክፉ ቀን ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አደጋ አምጪው ቫይረሱ ነበር። ተጋላጭነቱ ደግሞ የእህሉ ሁሉ በበሬ ጫንቃ ላይ መንጠልጠል ነበር። ዛሬም አብዛኛው የደጋ አርሶ አደር የሚያርሰው በበሬ ስለሆነ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ወደ መከላከሉ እንምጣ። በሽታው ለክትባት የሚመች ነበር። አንዴ የዳነ ከብት ዕድሜ ልኩን አይያዝም፣ ቫይረሱን ተሸክሞም አይዞርም። አንድ ክትባትም ለሁሉም የቫይረሱ ዝርያዎች ይሠራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ ሰፊ የክትባት ዘመቻ ተካሂዶ በሽታው ሊጠፋ ሲቃረብ ክትትሉ ላላ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ መጣ። ቀሪው በሽታ ተደብቆ የቆየው የመንግሥት ሐኪም በማይደርስባቸው ቦታዎች ነበር።

ከነዚህ ቦታዎች አንዱ አፋር ነው። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ካልተያዘ ይበላሽ ስለነበር መኪና በማይገባበት በረሃ ማድረስ አስቸጋሪ ነበር። በኋላ ሙቀት የሚችል፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተገኘ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር እየተጓዙ ከተቡ። ከ1995 በኋላ በኢትዮጵያ በሽታው አልታየም። በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ድንገት ተመልሶ ቢመጣ በሚል መጠባበቂያ ክትባት እንዲያስቀምጥ ተመርጧል።

በአንጻሩ ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ እያቃጠልን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን እናስታውሳለን። ለከብቱ እልቂት ግን እንዲህ ያለ መታሰቢያ ቀን የለንም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ስነ ሕይወታዊ አደጋ ሲባል በሬ የማይታየን።

በተግባር ሲታይ ከዝግጅት ሁሉ ከባዱ የመጀመሪያው ወሬ ነው። አርሶ አደሩ ከብቱ ሲታመም ቢናገር ምን ያገኛል? ገበያ ይዘጋበታል፣ እንቅስቃሴ ይታገድበታል፣ ካሳም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዝም ብሎ ሳይሞትበት ገበያ አውጥቶ ይሸጠዋል፤ በሽታውም አብሮ ይሸጣል። ይህን በስብሰባ ላይ የግንዛቤ ችግር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የሒሳብ ችግር ነው እላለሁ። የሚያሳውቅ ሰው ከሚደብቀው ሰው የባሰ የሚጎዳ ከሆነ የጥቆማ ስልክ ቁጥር ማባዛት ብቻውን አይበቃም። ዕቅዱ ውስጥ ከክትባቱ ጎን ካሳ፣ ለታገደ ከብት መኖ፣ ለዘር ወቅት የእርሻ ጉልበት መግባት አለባቸው።

አሁን ፈተናው የደስታ ታናሽ ወንድም ነው፤ የበግና ፍየል ደስታ። እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ግብ ተጥሏል። መንገዱ ከቀደመው ይከብዳል። ፍየል ቶሎ ትወልዳለች፣ ቶሎም ትሸጣለች። አምና የተከተበው መንጋ ዘንድሮ በግማሽ አዲስ ግልገል ሊሆን ይችላል፤ ከታቢው ደግሞ ወልደው ከመሸጣቸው በፊት ተመልሶ መድረስ አለበት።