እርሾው ሥራ ላይ ነው



በባዕድ አገርም እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን በእርሾ አቡክታ ባልዲውን ትከድነዋለች። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይዘገያል። ኩፍ አላለም ብላ ግን ሊጡን አትደፋም፤ ሞቅ ወዳለ ቦታ ታስጠጋዋለች እንጂ።

ጌታ ኢየሱስም በማቴዎስ 13፥33 መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መስሏል። ሴቲቱ እርሾውን የሸሸገችው በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ ዱቄቱ ብዙ ነው፣ እርሾው ጥቂት ነው፣ ሥራውም ለዓይን አይታይም። ሆኖም ሁሉም ቦካ።

አማርኛ በቅጡ ለማይሰሙ አራት ልጆች በየእሑዱ ቃሉን የምታስተምር ወንድሜ፣ ስልኩ ላይ ላቀረቀረው ልጅሽ በዕንባ የምትጸልዪ እኅቴ፣ “ምንም ለውጥ የለም” ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሊጡን የሚያቦካው እጃችን አይደለም፤ እርሾው ነው። የሰውንም ልብ የሚለውጠው ቃሉና መንፈሱ ነው። የእኛ ድርሻ ቃሉን መጨመርና ቤቱን በፍቅር ማሞቅ ነው። የዘወትር ቁጣና ንዝንዝ ግን ቤት ያቀዘቅዛል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዚህ ሳምንት ቤታችን ለልጆቻችን ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል?

ጌታ ይባርካችሁ።