ኮረሪማና የጫካው ጥላ

በርበሬ ሲዘጋጅ፣ ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማ አይታጣም። ፍሬውን ሁላችንም ከገበያ እናውቀዋለን። ተክሉን ግን ያየን ብዙዎች አይደለንም። እስቲ ዛሬ ስለ ተክሉ እንማር።

ኮረሪማ የአገራችን ተክል ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በከፋና በአካባቢው ደኖች፣ ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ዘመዶቹ ዝንጅብልና እርድ ናቸው። ወፍራም ሥሩ በመሬት ውስጥ እየተሳበ አዳዲስ ቡቃያ ያወጣል። እንዲህ እያለ መሬቱን ይሸፍናል። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉን በእጃችን ብናሸው ደስ የሚል ሽታ አለው።

ጥላ ለምን ያስፈልገዋል?

ኮረሪማ ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ቅጠሉ ይቃጠላል። የዛፍ ጥላ እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠልም በስብሶ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ኮረሪማም ውለታ ይመልሳል። ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ያበርዳል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ስለዚህ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ አይወስደውም።

ጥላው ግን ጨለማ መሆን የለበትም። በጣም ከጨለመ ፍሬው ያንሳል። ያን ጊዜ ጥቂት ቅርንጫፍ መመልመል ይበቃል። ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም።

እንዴት እንተክለዋለን?

ዋንዛ፣ ብሳና ወይም ሰሳ ያለበትን፣ ውሃ የማይተኛበትን ቦታ እንመርጣለን። ዝናብ ሲጀምር ከጤነኛ ተክል ላይ ቡቃያ ያለውን ሥር ቆርጠን እንወስዳለን። ሁለት ሜትር ያህል እያራራቅን ጉድጓድ እንቆፍራለን። የበሰበሰ ቅጠል ከአፈሩ ጋር ቀላቅለን እንተክላለን። ከላይም ደረቅ ቅጠል እናለብሰዋለን። ፍሬ ለማየት ሦስት ዓመት ያህል መታገሥ አለብን። በዘር የተተከለው ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

አበባው የሚወጣው ከጫፍ አይደለም፤ ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ ስናርም በዶማ ሳይሆን በእጅ እንንቀል። አበባውን የረገጠ ፍሬውን ረገጠ ማለት ነው።

ፍሬው ሲቀላ ይለቀማል። አረንጓዴውን የለቀመ ሰው ያልበሰለ ዘር ያገኛል፤ ሽታውም ያንሳል። የለቀምነውን በቆጥ ላይ አስጥተን ወይም በገመድ ሰክተን በፀሐይ እናደርቃለን። እርጥብ መሬት ላይ ከተሰጣ ይሻግታል።

የቱ ይሻላል?

ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል አከሰለና ሸጠ። ገንዘቡን አንድ ጊዜ በላ። ኮረሪማው በፀሐይ ደረቀ፤ አፈሩም በጎርፍ ሄደ። ሌላው ዛፉን ጠበቀ። ከሥሩ ኮረሪማና ቡና ይለቅማል፤ ከላዩ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ይህን የሚያገኘው በየዓመቱ ነው። ከሁለቱ ለልጆቹ ያሰበው ማንኛው ነው?

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከፋን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ይህም ደኑ እየተጠበቀ ሰው አብሮት የሚኖርበት ቦታ ማለት ነው። መዝገብ ብቻውን ግን ዛፍ አያቆምም። ዛፉን የሚያቆመው ከሥሩ የሚኖረው ሰው ነው። ጥላው ከሄደ ኮረሪማው ይሄዳል።

ጥያቄዎች

1. ኮረሪማ ያለ ጥላ ቢተከል ምን ይሆናል?
2. በዶማ ማረም የማይገባን ለምንድን ነው?
3. ፍሬው መድረሱን በምን እናውቃለን?
4. በአካባቢያችን በዛፍ ጥላ ሥር ምን ምን ይበቅላል? እንወያይበት።