የጠላቂ ኮምፒውተር ተዓማኒነት፦ ከግዢ በፊት የሚደረግ ምዘና
የጠላቂ ኮምፒውተር በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ናይትሮጅንን አይለካም፤ በዋናነት የሚለካው የውሃ ግፊትንና ጊዜን ሲሆን የቀረው የቀመር ግምት ነው። ኢኤን 13319 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት የሚመለከተው የጥልቀትና የጊዜ ልኬትን ብቻ ነው፤ ጠላቂው ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚያስፈልገው ቆይታ መሣሪያው የሚሰጠውን መረጃ አያካትትም። ምልክቱን አይቶ ሁሉም ተፈትሿል ብሎ የሚደመድም ገዢ ስለዚህ ይሳሳታል፤ የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ደግሞ እስከ ሽባነት ሊያደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ከገበያ እንዲሰበሰብ የተደረገ አንድ ሞዴል ጉድለቱ በስሌቱ ላይ ነበር። ጠላቂው ዳግም ከመጥለቁ በፊት ከውሃ ወጥቶ ሲያርፍ፣ ተራ አየር ሳይሆን በኦክስጅን የበለጸገ ድብልቅ እንደሚተነፍስ ይቆጥር ነበር፤ በዚህም ናይትሮጅኑ ከእውነታው ፈጥኖ የወጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ጉድለት የጥልቀት ንባብ አያጋልጠውም።

ከዋጋ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አምራቹ ቀመሩን በስም መግለጹ ነው። 16 የሕብረ ሕዋስ ክፍሎችን የሚያሰላው የቡልማን ሞዴል፣ ለምሳሌ፣ የታተመ በመሆኑ የመሣሪያውን ውጤት ከሌላ ስሌት ጋር ማነጻጸር ይቻላል።