ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ መብራት ከመግዛትዎ በፊት መስኮትዎን ይሞክሩ

ዛሬ ብዙ አሠሪዎች የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት በዙም ወይም በስልክ ቪዲዮ ነው። ሥራ ፈላጊው ልጅዎ ጥሩ መልስ እየሰጠ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ገብቶ ከታየ ጠያቂው ፈገግታውንም ትኩረቱንም አያይለትም። «እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» እያሉ ከካሜራ የሚሸሹ እናቶችም ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ግን ያለው ፊት ላይ ሳይሆን ብርሃኑና ካሜራው ላይ ነው።

ይህ የቆየ ታሪክ አለው። ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች «የሸርሊ ካርድ» የተባለ የነጭ ሴት ፎቶ ይልክ ነበር፤ የፎቶ ቀለም የሚስተካከለውም በእርሷ ቆዳ ልክ ነበር። በዚህ ምክንያት የጥቁር ሰው ፊት በፎቶ ላይ መልኩ በደንብ አይለይም ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች የሚታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ስልኮች ቢሻሻሉም የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል።

1. ብርሃን ከፊት ይምጣ። ጀርባዎን ለመስኮት ከሰጡ ካሜራው ራሱን ለመስኮቱ ብርሃን ስለሚያስተካክል ፊትዎ ይጠቁራል። ወደ መስኮቱ ዞረው ይቀመጡ፤ ስልኩን በእርስዎና በመስኮቱ መካከል ያድርጉት።

2. ብርሃኑን ያለስልሱት። ቀጥተኛ ፀሐይ ወይም ትንሽ ኃይለኛ አምፖል ፊትን ያንጸባርቃል፤ የዓይን ሥር ጥላንና ሽብሽብን ያጎላል። ሰፊ ብርሃን ግን ጥላውን ያሳሳዋል። በሐዴራ፣ በተለይ በጊቫት ኦልጋ፣ ወደ ባሕር በሚያይ ቤት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ ይገባል። ያን ጊዜ ስስ ነጭ መጋረጃ ይዝጉ፤ ከሌለ ነጠላ መስኮቱ ላይ ይዘርጉ። ጨርቁ ብርሃኑን በትኖ ለስላሳ ያደርገዋል። ማታ ከሆነ የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው ብርሃኑ ከግድግዳው ተመልሶ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። እሳት እንዳይነሳ አምፖል ላይ ጨርቅ አይጣሉ።

3. ነጭ ልብስ ካሜራውን ያሳስታል። ቀሚስና ነጠላ ስክሪኑን ሲሞሉት ስልኩ ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልማል። በሠርግ ፎቶ ላይ ልብሱ አምሮ የእናት ፊት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፎቶ አንሺው ስክሪኑ ላይ ፊትዎን በጣቱ ይንካ፤ በብዙ ስልኮች ላይ የፀሐይ ምልክት ወይም የብርሃን መስመር ይወጣል፤ ያንን ጨምሮ ያነሳል።

4. ሌንሱን ይጥረጉ። የፊልም ባለሙያዎች ፊትን ለማለስለስ ሌንስ ላይ ስስ መረብ ወይም ልዩ መስታወት ያደርጋሉ። የጣት ቅባት ግን ምስሉን እንዲያው ጭጋግ ያስመስለዋል። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት።

5. ስልኩን አያቅርቡ። ፊት አጠገብ ሲሆን አፍንጫን ያገዝፋል። መጻሕፍት ደርድረው ስልኩን በዓይን ቁመት፣ ከክንድ ርዝመት ራቅ አድርገው ያቁሙት።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ክብ መብራት በኢንተርኔት ወይም በስልክ ካዘዙ መብትዎን ይወቁ። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዕቃው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ዕድሜዎ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነና ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ ከሆነ ጊዜው 4 ወር ነው። ዕቃው ጉድለት ባይኖረውም የመሰረዣ ክፍያው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቀል ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። ደረሰኙን ያስቀምጡ።

የመስኮት ብርሃን በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ ልጅዎን ያስቀምጡና ለዘመድ የቪዲዮ ጥሪ አድርጎ ይሞክር። ፊቱ በደንብ ይታይ እንደሆነ ዘመዱ ይነግረዋል።