በሩን እናሳውቅ፣ የገባውን እንሸፍን



የዛሬው ትምህርት በአሜሪካ ለምንኖር ነው። ከመጠጥ፣ ከጫት፣ ከቁማርና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅ የሚደረጉ ጉባኤያትን በማኅበረሰብ ቴሌቪዥን ስናስታውቅ ምኑን እንደምንናገር፣ ምኑን እንደምንሸፍን እንማራለን።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጌታችን ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ለማንም እንዳይናገር አዘዘው፤ ወደ ካህንም ላከው። በምዕራፍ 5 ደግሞ ከአጋንንት እስራት የተፈታው ሰው ልከተልህ ብሎ ሲለምን፣ ወደ ቤቱ ሄዶ የተደረገለትን ምሕረት ለወገኖቹ እንዲነግር አሰናበተው። አንዱ ዝም እንዲል፣ ሌላው እንዲናገር ታዘዘ። ለምጻሙ ትእዛዙን ተላልፎ ወሬውን ስላሰራጨ ጌታችን በግልጥ ወደ ከተማ መግባቱን ትቶ በምድረ በዳ ቈየ። ሁለተኛው ግን እንደ ተፈቀደለት ተናግሮ ዐሥር ከተማን አስደነቀ። ልብ በሉ፤ ወንጌላዊው የሁለቱንም ስም አልጻፈልንም። ምሕረቱ ተሰበከ፣ የሰዎቹ ስም ተሸፈነ።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። የምሕረት በር ለሁሉ ይታወጃል፤ በበሩ የገባው ሰው ግን ራሱ ካልፈቀደ አይታወጅም። ቤተ ክርስቲያን በምስጢረ ንስሐ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ኑ ብላ በይፋ ትጠራለች፣ የተናዛዡን ምስጢር ግን ትጠብቃለች።

በሱስ ላይ የሚሠሩትም ይህን በልምድ ደርሰውበታል። በ1935 በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተሰኘው ከመጠጥ ሱስ የሚላቀቁ ሰዎች ማኅበር፣ በ1950 በክሊቭላንድ ባጸደቃቸው 12 ልማዶች ውስጥ 11ኛው ስለ ስም መሸፈን ይናገራል። አባላቱ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም የማኅበሩ አባል መሆናቸውን አይገልጹም፤ ሰውም በሕይወታቸው እንዲሳብ እንጂ በማስታወቂያ እንዲጐተት አይፈልጉም። ምክንያቱም ዝና ትዕቢትን ይወልዳል፤ ደግሞም በስክሪን የታየው ሰው ነገ ቢወድቅ፣ ተመልካቹ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ተስፋ ይቈርጣል።

አሁን ወደ ጣቢያው እንምጣ። በ1984 የወጣው የፌዴራል የኬብል ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች ከኬብል ኩባንያዎች ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለመንግሥት የሚሆኑ ቻናሎችን እንዲጠይቁ ፈቅዷል። ዲሲቲቪና ፌርፋክስ ፐብሊክ አክሰስ የዚህ ዓይነት የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ናቸው። ብዙዎቹ ጣቢያዎች በፕሮግራሞች መካከል የሚያሳዩት የማስታወቂያ ሰሌዳ አላቸው። ለትርፍ ያልቆመ የአካባቢ ማኅበር ቅጽ ሞልቶ ያስገባል፤ የንግድ ማስታወቂያ ግን አይቀበሉም። የማስገቢያው ቀን ከየጣቢያው ይጠየቅ፤ ከጉባኤው ሳምንታት አስቀድሞ መላክ ይበጃል።

ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነውና አጭር ይሁን። ምን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ስልክ እንደሚደወል ይበቃል። እኛ ዘንድ ብዙ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብለን ብንጽፍ አንዷ እናት በአገር ቤት አቈጣጠር በጊዜዋ ትመጣለች፤ በዚህ አገር ያደገው ልጇ ግን 1 ፒኤም መስሎት በቀትር መጥቶ የተዘጋ በር ያገኛል። ስለዚህ «7፡00 ፒኤም» ብላችሁ፣ ዕለቱንና የፈረንጁን ቀን አስከትላችሁ ጻፉ። ጉባኤው ለቤተሰብም ክፍት ይሁን፣ ለባለ ችግሩ ብቻ ይሁን ይለይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ማን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ደጁን አይደፍርም። ከታች 1-800-662-4357 የሚለውን የፌዴራል መንግሥቱን ነጻ የእርዳታ መስመር አክሉ፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል።

ካሜራ ከመጣ ጉባኤው ሳይጀመር አዳራሹን፣ ወንበሮቹን፣ የመግቢያውን በር ይቅረጽ። ተሰብሳቢው ከገባ በኋላ አይቀረጽ፤ ከኋላም ቢሆን በነጠላው፣ በድምፁ የሚታወቅ አለ። ድኜአለሁ ብሎ መመስከር የሚሻ ወንድም ቢኖር አንከልክለው፤ የዐሥሩ ከተማ ሰውም ተናግሯልና። ነገር ግን አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር፣ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ያስፈቅድ። የሚመሰክረውም ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ አብረውት የሚሰበሰቡትን ስም አይጥራ፤ እንደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ያለ ማኅበር አባል ከሆነም የማኅበሩን ስም ትቶ ስለ መዳኑ ይናገር።

አንዳንዱ «ነውራችን በቴሌቪዥን አይውጣ» ይላል። ይህ ከፍቅር የመጣ ስጋት ስለሆነ በትዕግሥት እንመልስለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የምናስታውቀው ደግሞ መድኃኒቱን እንጂ በሽተኛውን አይደለም። ባሏ ወይም ልጇ በመጠጥ የተያዘባት እናት ይሉኝታ ይዟት ማንንም ሳትጠይቅ በቤቷ ትቀመጣለች። ስልኩን ከስክሪኑ ገልብጣ ለመጻፍ ግን የማንም ፈቃድ አያሻትም። ለሱሰኛው ሳይደርስ ለእርሷ ቢደርስ ሥራው ተሠርቷል።

ሴፕቴምበር በአሜሪካ ከሱስ የማገገም ወር ተብሎ ይታሰባል፤ ዕንቍጣጣሻችንም የሚውለው በዚያው ወር ነው። በየአጥቢያው ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፣ የዘመን መለወጫውን ጉባኤ ስታዘጋጁ ለአካባቢያችሁ ጣቢያ ከኦገስት በፊት ደውሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ስማቸውን ሳትጠይቁ ተቀበሉ።